ያላየነውን ማን ይመርምርልን?

የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግድግዳ በስተኋላ የተንጣለለው ውሃ ድርቅ ለሚመላለስባቸው የዋግ ኽምራ ቆላማ ቀበሌዎች ያልተጠበቀ ሲሳይ ይዞ መጣ፤ ዓሣ። ሰማይ ሰማይ ያይ የነበረው ገበሬ መረብ መጣል ለመደ፤ ደጋማዋ ሰቆጣም የተከዜን ዓሣ ቀመሰች።

እንግዲህ ከዚህ ሲሳይ ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ሜርኩሪ፣ እርሳስና ካድሚየም የመሳሰሉት ከባድ ብረቶች በዓይን አይታዩም፣ በምላስም አይለዩም። በአዲስ ግድብ ሥር የሰመጠ አፈርና ዕፅዋት ሲበሰብስ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን በአፈሩ ያለውን ጥቂት ሜርኩሪ ሰውነት ውስጥ ወደሚቀር መርዝ ይለውጡታል፤ ይህ በሌሎች አገሮች የግድብ ሐይቆች የታየ ነገር ነው። ትልቁ ዓሣ ትንሹን ሲበላ መርዙ በየደረጃው እየተጠራቀመ ከማዕድ ይደርሳል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው!

የተከዜ ዓሣ ተመርዟል ማለቴ አይደለም። የተራበን ሰው በግምት ማስፈራራት ራሱ በደል ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ መርምሮ የማሳወቅ ግዴታ የማን ነው?

«ረሃብ ዛሬ ይገድላል፣ ሜርኩሪ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ለድሃ ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ንግግሩ እውነት አለው። ይሁንና ድሃ ምርጫ በማጣቱ አደጋውን ወዶ ተቀበለ አይባልም። ያላወቀ ሰው እንዴት ይስማማል? ደግሞስ ማወቅ መብላትን አይከለክልም። እንደ ቆሮሶ ያለው ዕፅዋት በል ዓሣ ሌላውን ዓሣ ከሚበላው ያነሰ ሜርኩሪ እንደሚይዝ ማወቅ፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር እናት ትልቅ ነገር ነው።

በጃፓን ሚናማታ ከተማ አንድ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያዘለ ፍሳሹን ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። በሽታው በ1956 እ.ኤ.አ. በይፋ ቢታወቅም ፋብሪካው ያቆመው በ1968 ነው። በእነዚያ 12 ዓመታት የማስረዳቱ ሸክም የወደቀው በሚንቀጠቀጡት ዓሣ አጥማጆች ላይ ነበር። ከእኛም ሩቅ አይደለም፤ በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ በሚለሙ አትክልቶች ውስጥ ተመራማሪዎች ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ አግኝተዋል። ጎመን የምትገዛ እናት ይህን በምን ትለየዋለች?

ስለዚህ ሸክሙ ሊሸከም ወደሚችለው ይዙር። ቆዳ የሚያለፋ፣ ማዕድን የሚቆፍር፣ ውሃ የሚገድብ ሁሉ ከታች ያለውን ሰው ባያውቀውም ሐቁ አለበት። ከግድቡ በሚመጣ መብራት የምንጠቀም ከተሜዎችም ከዚህ አንወጣም። ዓሣውን በየጊዜው መመርመር፣ ውጤቱንም ለአጥማጁ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛም ጭምር መንገር ችሮታ ሳይሆን ዕዳ ነው። የማያይ ሰው ታምኖን ሲጎርስ፣ ያ እምነት በእጃችን ያለ አማና ነውና!