ለበረንዳሽ መቀመጫ ስትመርጪ

ልጄ፣ በረንዳው ላይ ምን እንደምታስቀምጪ ግራ እንደገባሽ እናትሽ ነግራኛለች፤ ስልክሽ ላይ ያስቀመጥሻቸውንም ፎቶዎች አይቻቸዋለሁ። ያምራሉ። እኔ ግን ዕድሜዬን በእንጨት ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ስሚኝ።

ሳሎንሽን እንደወደድሽ አድርጊው። ሳሎን የሚቀመጠው ተጠርቶ የመጣ እንግዳ ነው። በረንዳ ሳይጠራ የሚመጣ ሰው ቦታ ነው፤ ቡና የምትጠጣ ጎረቤት፣ የእድር መልእክት ይዞ የመጣ ሽማግሌ፣ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ጫማውን የሚያወልቅ ልጅ። ስለዚህ መጀመሪያ ማን ይቀመጥበታል ብለሽ ጠይቂ። አንቺ ቤት መልሱ ግልጽ ነው፤ ከሁሉም በላይ የምትቀመጥበት ጉልበቷን የሚያማት እናትሽ ናት።

አሁን በየሱቁ የሚታዩት ዝቅ ያሉ ሶፋዎች መቀመጫቸው ከወለል 35 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ወጣት ይመቸው ይሆናል። እናትሽ ግን ተቀምጣ ለመነሣት ሰው ትጠራለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተቸገረች ደግሞ ምንም ሳትናገር በረንዳውን ትተወዋለች። ለእሷ ከ45 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አሠሪላት። ጥልቀቱ ከ45 ብዙም አይለፍ። ጀርባዋን አስደግፋ ስትቀመጥ በጉልበቷ መታጠፊያና በመቀመጫው ጠርዝ መካከል ሁለት ሦስት ጣት መግባት አለበት። ካልገባ ጠርዙ እግሯን ተጭኖ ያደነዝዘዋል፣ ወይም ወደ ፊት ትንሸራተትና ወገቧ ያለ ድጋፍ ይቀራል። መደገፊያው ቀጥ ብሎ አይቁም፤ 100 ዲግሪ ወይም ትንሽ አለፍ ያለ ማዘንበል ይበቃዋል። የክንድ ማሳረፊያውን ነገር ደግሞ አደራ። እስከ መቀመጫው ፊት ጫፍ ድረስ ይምጣ። በዕድሜ የገፋ ሰው የሚነሣው በእግሩ ብቻ አይደለም፣ በእጁም ነው፤ እጁ የሚገፋውም ከፊት ነው። ለውበት ብለው ማሳረፊያውን አጋማሽ ላይ የሚቆርጡ አናጢዎች አሉ። እሺ እንዳትያቸው።

በረንዳሽንም ራሱን እወቂው። ከቤት አንድ ዱካ አውጪና ጧት፣ ቀትርና ማታ ተቀመጪበት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ፊቱ ወደ ደቡብ የሆነ በረንዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ፀሐይ ይገባለታል፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። የአንቺ ግን ወደ ምዕራብ ይመለከታል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከጣሪያው ሥር ገብታ ዓይን ላይ ትቆማለች። ስለዚህ ወንበሮቹን ወደ መንገዱ ፊት ለፊት አትደርድሪያቸው፤ ወደ ጎን አዙሪያቸው፣ እርስ በርስም ይተያዩ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሐምሌ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ ውጪና ወለሉ እስከ የት እንደረጠበ እዪ። እርጥበቱ የቆመበት ላይ በጠመኔ አስምሪ። ጥሩ ወንበር ከዚያ መስመር ወደ ውጭ አይወጣም።

መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የአዲስ አበባ ሙዚየም፣ የድሮውን የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤልን ቤት፣ አንድ ቀን ሄደሽ ብታዪውና በረንዳውን ልብ ብትዪ ደስ ይለኛል። ያኔ በረንዳ የሚሠራው ሰው እንዲኖርበት ነበር። የዛሬዎቹ ቤቶች በረንዳ አብዛኛው ጠባብ ነው። የአንቺም ጠባብ ስለሆነ አራት ባለ ክንድ ወንበር ከምትደረድሪበት ለእናትሽ አንድ ጥሩ ወንበር፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የሚቆም አንድ አግዳሚና ሁለት በርጩማ ይበቃሻል። ከበሩ እስከ ደረጃው 90 ሴንቲ ሜትር ያህል መተላለፊያ ክፍት ይሁን።

በርጩማውን የጅማ አድርጊው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ነው፤ ማጋጠሚያ የለውም፣ ስለዚህ የሚላቀቅ ነገርም የለውም። ሦስት እግር የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። አራት እግር ያለው መቀመጫ ወለሉ ትንሽ ከተዛባ አንዱ እግሩ አየር ላይ ይቀርና ይወዛወዛል፤ ሦስት እግር ግን በየትኛውም ወለል ላይ ሦስቱም ይረግጣሉ። በድንጋይ ንጣፍና በአፈር ግቢ ላይ ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ስትገዢ ገልብጪውና ከታች እዪው፤ እግሩ ላይ ያለው የእንጨቱ መስመር ሳይቋረጥ ከመቀመጫው ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። የተሰነጠቀ ካለ ተዪው። ቡና አፍዪዋ ዝቅ ብላ ከጀበናው አጠገብ መቀመጥ ስላለባት በርጩማ ለእሷ የሚተካ የለውም። ለእናትሽ ግን በምንም መንገድ አይሆንም።

ስለ እንጨቱ ደግሞ፣ እኔ ከዋንዛ የሚበልጥብኝ የለም። ለመሥራት ልዝብ ነው፣ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፣ ቀለሙም በዕድሜ ይደምቃል። ሆኖም ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የአበሻ ጥድ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው ነበር፤ ዛሬም ሻጩን እንጨቱ ከየት እንደመጣ ሳታፍሪ ጠይቂው። ከፈረሰ ቤት የወጣ የዋንዛ በር ወይም አልጋ ካገኘሽ ከአዲሱ ይሻላል፤ የሚጣመመውን ተጣምሞ ጨርሷል። ባሕር ዛፍ ለአጥር እንጂ ለወንበር አልመክርሽም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የትኛውም እንጨት ይሁን ግን እግሩ በምስማር ብቻ የተመታ እንዳይሆን። ጫፉ ተሞርዶ በተፈለፈለ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በኮላ የተያያዘ ነው የሚቆየው። ለመፈተን ወንበሩን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ግፊው፤ ሲጢጥ ካለ ይቅርብሽ።

ቀርከሃም ቆንጆ ነው፤ ቀላል ነው፣ ለበረንዳም ይስማማል። ጠላቱ ነቀዝ ነው። ውስጡ ያለውን ስታርች ፍለጋ ይገባል፤ ያልጎለመሰና ያለ መድኃኒት የተሠራ ቀርከሃ ቶሎ ይበላል። ወንበሩን ነጭ ወረቀት ላይ አቁመሽ መታ መታ አድርጊው፤ ደቃቅ ዱቄት ከረገፈ ነቀዝ ገብቶበታል። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ቀርከሃ መሆኑንና በቦራክስ መነከሩን ጠይቂ።

ብረት ካማረሽ በቱቦላሬ ማሠራት ይቻላል። ዝገቱ የሚጀምረው ከዓይን በተሰወረው ቦታ፣ ክፍት የቀረው የእግሩ ጫፍ እርጥብ ወለል በሚነካበት ነው። ጫፉ በብየዳ ይዘጋ፣ ከሥሩ የላስቲክ ቆብ ይግባለት፣ ከቀለሙ በፊትም አንቲረስት ይቀባ። ድሬዳዋ ብትሆኚ ኖሮ ብረቱን ጨርሶ አልመክርሽም ነበር፤ ፀሐይ የመታው ብረት ላይ ማን ይቀመጣል?

ጠፍር መቀመጫ የምትወጂ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ከሰውነት ጋር የሚስማማ እንደ ጠፍር ያለ መቀመጫ አላውቅም። እርጥብ ሆኖ ተጠልፎ ሲደርቅ ይወጠራል። ዝናብ ካገኘው ግን ይላላና መሐሉ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከጠመኔው መስመር በጣም ወደ ውስጥ ይሁን።

ትራሱን በስካይ አታልብሺው፤ ፀሐይ ላይ ይጣበቃል፣ ኋላም ይሰነጣጠቃል። ወፍራም የሽመና ጥጥ ወይም ሸራ ይሻላል፤ ዚፕ ይኑረው፣ ወልቆ ይታጠብ። ቀለሙ የግቢሽን አፈር የሚመስል ቢሆን እመርጣለሁ፤ ነጭ በረንዳ ላይ አይቆይም። ስፖንጁ ጠጣር ይሁን፣ ማታ ማታም ወደ ውስጥ አስገቢው፤ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ በክረምት በቀላሉ አይደርቅም። ፀሐይ የሚያገኘው እንጨት ላይ ወፍራም ቫርኒሽ ይላጣል፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገሽ ስስ አድርገሽ ቀቢው።

አናጢው ዘንድ እናትሽን ይዘሻት ሂጂ። እሱ ዘንድ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጧት ቁመቷን ይለካ፣ የጉልበቷንም ከፍታ በሜትሩ ይያዝ። አንዱን ብቻ አሠሪና ቫርኒሹ ሳይቀባ ወደ ቤት አምጪው፤ አንድ ሳምንት ትቀመጥበት። እግሩ ረዘመ ካለች በመጋዝ ማሳጠር ቀላል ነው፤ አጠረ ካለች ግን እንደገና ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ አናጢው ሲቆርጥ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ። አግዳሚውን ከዚያ በኋላ እዘዢ።