ማስተማር ደመወዝ ይሆናልን?

በመርካቶም ሆነ በየሰፈሩ ባሉ ጋራዦች፣ ልብስ ስፌት ቤቶችና የብየዳ ቤቶች የሚውሉ ወጣቶችን ያስተዋለ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይነሳበት አይቀርም። ለመሆኑ እነዚህ ልጆች ምንድን ናቸው? ሠራተኞች ናቸው እንዳይባል ደመወዝ የላቸውም፤ ተማሪዎች ናቸው እንዳይባል መቼ እንደሚጨርሱ የሚያውቅ የለም። ባለቤቱ ሲጠየቅ «ሙያ እያስተማርኩት ነው» ይላል። ልጁ ሲጠየቅ «ሥራ ላይ ነኝ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

ለባለሙያው እናድላ እንበል። ጀማሪ ልጅ ጨርቅ ያበላሻል፣ ብሎን ይሰብራል፣ ደንበኛ ያስቆጣል። እርሱን ለማሳየት የሚጠፋው ሰዓትም የሥራ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሙያው ራሱ እንደ ክፍያ ቢቆጠር ነውር የለበትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦቶማኖች ከሐነፊ መዝሀብ ያጠናቀሩት «መጀለ» የተሰኘው የሕግ መድበል ይህን ጉዳይ አንስቶታል። አባት ልጁን ሙያ እንዲማር ለባለሙያ ሰጥቶ ስለ ክፍያ ሳይነጋገሩ ቢቀሩና ኋላ አንዱ ሌላውን ቢጠይቅ፣ የሚታየው የአገሩ ልማድ ነው ይላል። በአንዱ አገር አባት ይከፍላል፣ በሌላው ባለሙያው ይከፍላል ማለት ነው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ልማድ የሚዳኘው በእርግጥ ትምህርት ሲኖር ነው። ሻይ ማመላለስ፣ ዕቃ በናፍጣ ማጠብ፣ ቤት መጥረግ ለጥቂት ሳምንታት ከሆነ የማንም ሙያ መግቢያ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «13 ቁጥር አምጣ» እየተባለ ቁልፍ ሲያቀብል የኖረ ልጅ ግን የቁልፉን ቁጥር ያውቅ ይሆናል እንጂ ሞተር አያውቅም። የባሰም አለ። ልጁ ፍሬን ብቻውን ይፈታል፣ ብቻውን ይገጥማል፤ ደንበኛው ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፤ ልጁ ግን ዛሬም «ለማጅ» ነው። በእኔ እምነት መለኪያው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛ የከፈለበትን ሥራ ልጁ ያለ ረዳት ከሠራው፣ በዚያ ሥራ ላይ የሚማረው አብቅቷል። የሠራተኛ ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል የታዘዘው ትእዛዝ ለእርሱም ነው።

ሌላው ደግሞ መደበቅ ነው። ልብስ ሰፊው መስፋቱን ያሳየዋል፤ ቅዱን ግን ልጁ ምሳ ሲወጣ ይቀድዳል። ምክንያቱ ይታወቃል፤ ነገ አጠገቤ ሱቅ ይከፍትብኛል የሚል ስጋት ነው። ይህን ስጋት አልንቀውም፤ ኪራይና ግብር ያለበት ሰው ነው። ሆኖም ስጋቱን ይዞ «አስተምርሃለሁ» ማለት፣ ሊሰጥ ያላሰበውን ሸጦ ዋጋውን አስቀድሞ መቀበል ነው። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ከኸዲር ሊማሩ በሄዱ ጊዜ መምህሩ ሁኔታውን ገና ከመነሻው ተናገሩ፤ እኔ ራሴ እስክነግርህ አትጠይቀኝ አሉ። ሲለያዩ ግን የሸሸጉትን ሁሉ አብራርተው ነው። በመድየንም ሙሳ ለመሥራት ሲስማሙ ዘመኑ ስምንት ዓመት፣ ቢፈቅዱ አሥር ተብሎ ተቆርጧል። ባለ ልብስ ስፌቱም «ቅዱን ካሳየሁህ በኋላ አንድ ዓመት በዚህን ያህል ብር ትሠራልኛለህ» ቢል ማን ይወቅሰዋል?

ይህን ማለት የሚከብደን «የዘመድ ልጅ ነው፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» እየተባለ ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የጊዜ ዕዳን ስለመጻፍ መሆኑን እናስታውስ። የአገሩም ሕግ ቢሆን ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሙያ የሚለምደው ልጅ ቢያንስ 15 ዓመት እንዲሞላው፣ ውሉ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለውን ገንዘብና የሥራውን ሁኔታ እንዲይዝ ያዛል። በየሱቁ ይህን የሚያውቅ ስንት ነው?

ልጁም ዕዳ አለበት። ጊዜው በግልጽ ተቆርጦለት፣ ሙያውን በአደራ ተቀብሎ፣ ሌላ ጋራዥ ጥቂት ብር ስለጨመረለት በግማሽ ጥሎ የሚሄድ ወጣት የሰው ሐቅ ይዞ ሄዷል። ጊዜ ያልተቆረጠለትን ግን «ሳይጨርስ ሄደ» ብሎ መውቀስ አይቻልም።

ያለ ውል ዓመት ያስቆጠሩትስ? ባለቤቱ ልጁንና ወላጁን ጠርቶ እስከ ዛሬ ያሳየውን ይቁጠር፤ የቀረውን በወራት ይወስን። ልጁ ብቻውን ለሚሠራው ሥራ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋጋ ይውጣለት። ሲጨርስም የሙያ ብቃት ምዘና እንዲቀመጥ ይፍቀድለት፤ ምዘናው በኮሌጅ ለተማሩ ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ ለለመዱትም ክፍት ነው።