እስትንፋስን ስለ መጠበቅ

ሕመምተኛ ሰውነቱን ከጉዳት ለመጠበቅ ቢጠነቀቅ በእግዚአብሔር ላይ ያለውን ተስፋ አጎደለ ይባላልን? በቤሩት ደቡባዊ ዳርቻ፣ በኦዛይ፣ በሰው ቤት እየሠሩ የሚኖሩ እኅቶቻችን ደረታቸውን ሲታመሙ ይህ ጥያቄ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛልና፣ ጥንቃቄን የሃይማኖት ባላጋራ የሚያደርግ አሳብ ከመጻሕፍታችን የተገኘ አይደለም።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንመልከት። ሐኪሙ በሳንባ ላይ የታየው እባጭ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ፣ በሲቲ ስካን እየተመራ በጎድን አጥንቶች መካከል ቀጭን መርፌ አስገብቶ ናሙና ሲወስድ፣ ከ100 ሕሙማን በ20 ያህሉ ላይ አየር በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል ይገባል፤ በብዙዎቹ በራሱ ጊዜ ቢጠፋም፣ በጥቂቶቹ ሳንባውን አኮማትሮ በቱቦ እንዲወጣ ግድ ይሆናል። መርፌው ደም ሊያፈስም ይችላልና፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አስቀድሞ በሐኪም ትእዛዝ ይቋረጣል፤ በኋላም ታማሚዋ፣ ክብደቷ ቀዳዳውን እንዲደፍነው፣ ደምም ወደ ጤነኛው ሳንባ እንዳይወርድ፣ በተወጋችበት ጎን ተኝታ፣ ሳትናገር፣ ሳትስቅ፣ ሳሏን በተቻላት እየገታች፣ ራጅ እስክትነሣ ለሰዓታት ትቆያለች። መናንያን አባቶቻችን በበዓታቸው የያዙትን አርምሞ ሐኪሙ በአልጋ ላይ ያዝዛልና፣ በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ከጸሎት የራቀ ነገር አላይም።

ዳሩ ግን አርምሞ ጊዜን ይሻል። ከባድ ነገር እንዳታነሣ የታዘዘችው ሴት ወደ ማዳሟ ቤት በተመለሰች ማግስት ምንጣፉን አራግፊ፣ የውኃውን ጋሎን አምጪ ብትባል፣ እምቢ የምትልበት ሕግ የላትም፤ በ1946 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው አውጥቷቸዋልና። (ሠራተኛቸውን እንደ ልጅ ያስታመሙ ማዳሞች መኖራቸውን አልክድም።) እንግዲህ የእምነቱ ጥያቄ ለሕመምተኛዋ ሳይሆን የቤቱን ቁልፍ ለያዘው ሰው የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ሌሊት ትንፋሽ ቢያጥራት፣ ደረቷን ቢወጋት፣ ወይም ደም ቢያስላት ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት እርሱ ነውና።

ኦዛይ ስሟን የወረሰችው በ774 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካረፈው፣ መቃብሩም በዚያው ካለው ከኢማም አውዛዒ ነው፤ እርሱም በሊባኖስ ተራራ ጥቂት ክርስቲያኖች ባመፁ ጊዜ፣ ገዥው ያላመፁትንም ከቀያቸው ቢያፈናቅል፣ ንጹሑ በበደለኛው ዕዳ መቀጣት እንደሌለበት በደብዳቤ የገሠጸ ሊቅ ነበር። በአጥቢያው የሚኖር አሠሪ፣ ደክማለችና ትሂድልኝ ብሎ ታማሚዋን ፈጥኖ ወደ አገሯ ሊያሳፍር ሲነሣ፣ ይህን ሊቅ ቢያስበው እወዳለሁ። አውሮፕላን ከፍ ሲል በደረት ውስጥ የታሰረው አየር ይሰፋልና፣ ሐኪሞች አየሩ መጥፋቱ በራጅ ከተረጋገጠ በኋላ እንኳ ቢያንስ አንድ ሳምንት እንድትቆይ ያዝዛሉ፤ ያ ሳምንት ደመወዟ ሳይጎድል፣ ምግቧና መኝታዋ ሳይከለከል ሊሰጣት ይገባል።