በተመለሰ ንጉሥ ላይ መሣቅ ይገባልን?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል ተረታችን። ይሁን እንጂ በፍርድ አደባባይ የማይከሰሰውን ንጉሥ በሥዕል የሚከሱት አሉ። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ይሥቃል፤ ሣቁ ግን አንዳንድ ጊዜ ተግሣጽ፣ አንዳንድ ጊዜም ስድብ ነው። ሁለቱን በምን እንለያቸው? ለዚህ ጥያቄ ከፈረንሳይ ታሪክ አንድ ምሳሌ እናመጣለን፤ ዘመኑም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሉዊ 18ኛ በአብዮቱ ጊዜ በ1791 ከአገሩ ሸሽቶ ከ20 ዓመት በላይ በስደት ኖረ። በ1814 ናፖሊዮን ድል ተነሥቶ የባዕዳን ነገሥታት ሠራዊት ፓሪስን ከያዘ በኋላ፣ ተመልሶ በዙፋኑ ተቀመጠ። ለሕዝቡ በሰጠው ሕገ መንግሥትም ላይ ዓመቱን የነገሠበት 19ኛው ዓመት ብሎ አስጻፈ፤ ሌላው ሲገዛ እርሱ በሰው አገር የኖረበትን ዘመን የመንግሥቱ ዘመን አድርጎ መቍጠሩ ነበር። ያው ሕግ የማሳተምን ነጻነት ሰጥቶ ሳለ፣ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር አነስተኛ ጽሑፎችን ከመታተማቸው በፊት ለምርመራ የሚያቀርብ ሌላ ሕግ ወጣ።

በዲሴምበር 1814 «ቢጫው ድንክ» የተባለ ጋዜጣ በፓሪስ ተነሣ። የድሮውን ሥርዓት ሁሉ ለመመለስ የሚሹትንና የዕውቀትን ብርሃን የሚጠሉትን ሰዎች፣ የሻማ ማጥፊያ ኒሻን የተሸለሙ መኳንንት አድርጎ አፌዘባቸው። ሌሎች ሠዓሊዎች ደግሞ የንጉሡን ውፍረትና በሪህ ያበጡ እግሮቹን እየሣሉ አሣቁ። ከኮሳክ ወታደር በስተኋላ በፈረስ ተፈናጥጦ፣ በፈረንሳውያን ሬሳ ላይ ሲያልፍ የሚያሳይ ሥዕልም ወጣ።

ቅኔ የሚያውቅ ሰው እነዚህን በሰምና ወርቅ ይመዝናቸዋል። ያበጠውን እግር የሣለው ሰሙ ቢቀልጥ ከሥሩ የሚገኘው ያው ሰም ነው፤ ሕመምን ማንም አልመረጠውምና ወቀሳ የለበትም። የኮሳኩ ፈረስ ግን ወርቅ አለው፤ በባዕድ ፈረስ የገባ ንጉሥ የማን ንጉሥ ነው ብሎ ይጠይቃልና። ሻማ ማጥፊያውም እንዲሁ ነው፤ ሰው የመረጠውን ሥራ እንጂ ገላውን አይነካም።

ስደት የቀመሰ ሰው ሊታዘንለት ይገባል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ለመከራው ይታዘንለት። ነገር ግን መከራ ራሱ የመንግሥት ማስረጃ አይሆንም፤ ስደተኛው ሲመለስ የሚጠየቀው በሥራው ነው።

ሁለተኛውም መለያ የሣቁ ጊዜ ነው። በማርች 1815 ናፖሊዮን ከኤልባ ደሴት ሲመለስ ንጉሡ በሌሊት ሸሸ፤ ያን ጊዜ በሸሸው ንጉሥ ላይ የሚያፌዙ ሥዕሎች በዙ። በዋተርሎ ጦርነት ናፖሊዮን ተሸንፎ ሉዊ በጁላይ 8 ቀን ሲገባ ደግሞ ፌዙ ወደ ናፖሊዮን ዞረ። በዚያው ዓመት ለተነሣው ሁሉ የማሉትን ሹማምንት ስም በፊደል ተራ የሚዘረዝር መዝገብ ታተመ፤ ስማቸውንም ከነፋስ ጋር የሚዞር የጣራ ምልክት አለው። በሌለ ሰው ላይ ብቻ የሚሥቅ ሠዓሊም ከዚያ መዝገብ ሊገባ ይገባው ነበር። ንጉሡ በዙፋኑ ሳለ ማፌዝ የጀመረው ቢጫው ድንክ ግን ዋጋውን ከፈለ፤ ከጋዜጣው ሰዎች የተሰደዱት በ1816 ከብራስልስ «ስደተኛው ቢጫ ድንክ» ብለው አሳተሙት።

ሉዊ በዙፋኑ ሳለ በ1824 ዐረፈ። ወራሹ ወንድሙ ሻርል 10ኛ በጁላይ 1830 የጋዜጦችን ነጻነት በአዋጅ ሻረ፤ ወዲያውም ፓሪስ ተነሣችበት፤ በኦገስት 2 ቀን ዙፋኑን ለቆ እንደ ገና ወደ ስደት ሄደ። እንግዲህ ሠዓሊው ገላን ትቶ ሥራን ይሣል፤ ንጉሡም ሣቁን ከማፈኑ በፊት በውስጡ ያለውን ወርቅ ይፈልግ።