የዘገየ ኹሉ ጎደሎ ነውን?

በግምጃ ቤትም ኾነ በሌላ አገር ዶሮ የምታስታቅፍ እመቤት ቀን እየቈጠረች 21 ሲሞላ ጫጩት ትጠብቃለች። ዳሩ ግን በአንድ ቀን ከታቀፉት እንቍላሎች አንዳንዱ በ20ኛው ቀን ይፈለፈላል፤ የሚበዛው በ21ኛው ይወጣል፤ አንዳንዱም እስከ 22ኛው ይቈያል። እናቲቱ የቀደሙትን አስከትላ ስትነሣ የዘገየው በርዶ ይቀራል፤ ወይም እንደ ሞተ ተቈጥሮ ይጣላል። እንግዲህ ከጓደኞቹ የዘገየ ኹሉ ጎደሎ ነውን? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የተፈጥሮ መርማሪዎች ይህን ነገር ለክተውታል። ቪክቶር ሐምበርገርና ሐዋርድ ሐሚልተን የተባሉት ሊቃውንት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1951 የጫጩትን ፅንስ ዕድገት በ46 ደረጃ ከፍለው ጻፉ። ደረጃውን የለዩት በታቀፈበት ሰዓት ሳይኾን በፅንሱ መልክ ነው፤ ይኸውም እኩል ሰዓት የታቀፉት እኩል አድገው ስለማይገኙ ነው። ለምሳሌ ፅንሱ ዃላ ጀርባ አጥንትና ሥጋ የሚኾኑትን 10 ጥንድ አንጓዎች እስኪያወጣ ድረስ ከ33 እስከ 38 ሰዓት ይፈጅበታል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ፅንሱ እንቍላሉ ሳይጣል በእናቱ ሆድ ማደግ ይጀምራልና ሲጣል እንኳ እኩል አይደለም፤ ሳይታቀፍ ብዙ ቀን የሰነበተው ይዘገያል፤ ከእቅፉ ዳር የዋለውም መካከል እንዳለው አይሞቅም።

ሰውም ከዚህ ልማድ አይወጣም። በ2013 በፈረንጆች አቈጣጠር የታተመ አንድ ምርመራ፣ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱትን ሕፃናት ትቶ እንኳ፣ የእርግዝናው ርዝመት ከእናት እናት እስከ 37 ቀን እንደሚለያይ አሳይቷል።

ስለዚህ አማካይ የሚባለው ቍጥር ከብዙዎች ተሰብስቦ የተገኘ ነው እንጂ በያንዳንዱ ላይ የተጣለ ግዴታ አይደለም። ኾኖም ልዩነቱ ወሰን የለውም ማለት አይደለም፤ ከወሰኑ እጅግ ያለፈ እንቍላል በእውነት ሞቷል። የልዩነቱን ስፋት መለካት የሚጠቅመው የዘገየውን ከሞተው ለመለየት ነው። አማካዩን ብቻ የያዘ ሰው ሕያዉን ይጥላል፤ መለኪያን ኹሉ የናቀ ደግሞ ርዳታ የሚያሻውን ሳያውቅለት ይቀራል።

አፉን ለመፍታት ወይም ፊደል ለመለየት የዘገየውን ሕፃን በጎረቤት ልጅ ልክ የምንፈርድበት ወላጆችና መምህራን ይህን እናስብ። እንቍላሉን ከመወርወር አስቀድሞ ወደ ጆሮ አስጠግቶ ማዳመጥ ቀላል ድካም ነው፤ ሕፃኑንም ሰነፍ ከማለት አስቀድሞ ምን እንዳዘገየው መመርመር ይገባናል።