ምስር እየለቀሙ

ልጄ፣ አያትህን ስለ ኑሯቸው ልትጠይቃቸው እንዳሰብክ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ግን ስልክህን ከፊታቸው አስቀምጠህ «የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩኝ» ብትላቸው መልሳቸውን ከወዲሁ አውቀዋለሁ፤ «እኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለኝ?» ነው የሚሉህ። ታሪክ ሲባል ሲሰሙ የኖሩት የንጉሥና የጦር አበጋዝ ነው። ውሃ መቅዳት፣ ልጅ መቅበር፣ ከባል ቤት ኮብልሎ መመለስ ታሪክ ተብሎ ሲወራ ሰምተው አያውቁም።

ይፋት ያደጉ አክስት ነበሩኝ። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ጥያቄዎቼን ደብተር ላይ ደርድሬ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። «መሬት የተንቀጠቀጠ ጊዜ ሙሽራ ነበርኩ፤ ቤት ውስጥ መተኛት ፈርተን አውድማ ላይ እናድር ነበር» አሉኝ። መታወቂያቸውን አይቼ ነበርና «እትዬ፣ በዚህ ዕድሜማ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ» ብዬ አረምኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «እንግዲያስ አንተው ታውቀዋለህ» አሉና ወደ ምድጃቸው ዞሩ። ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ካራ ቆሬን የጎዳውና ማጀቴን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው በ1953 ዓ.ም. ነው፤ የተሳሳተው መታወቂያው ላይ በግምት የተሞላው ዕድሜ ነበር። ስለዚያ የአውድማ ሌሊት ዳግመኛ አላነሱልኝም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ አያትህን ዓመተ ምሕረት አትጠይቃቸው። የእሳቸው መቁጠሪያ ሌላ ነው፤ ጃንሆይ ሲወርዱ፣ መሬት ላራሹ ሲታወጅ፣ በ1969 ብር ሲቀየር፣ በ77 ድርቅ። «ብር ሳይቀየር ነው ወይስ ከተቀየረ በኋላ?» በላቸው። «ያኔ አጎቴ ይድኽ ነበር ወይስ ቆሞ ይሄድ ነበር?» በላቸው። ዓመቱን ቤትህ ገብተህ ታሰላዋለህ። ውጭ አገር ላሉት የአክስትህ ልጆች ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መመለሱም ያኔ ይደረስበታል፤ እሳቸው እያወሩ ሰባት ዓመት ነው ስምንት እያልክ ጣት አትቁጠር።

ወደ አክስቴ ስመለስ ደብተሩን ትቼ ሄድኩ። ሰፌድ ላይ ምስር ይለቅሙ ነበርና አጠገባቸው ተቀምጬ ጠጠሩን መለየት ጀመርኩ። እጅ ሥራ ሲይዝ፣ ዓይንም ዓይን ማየቱን ሲተው፣ አፍ ይፈታል። ብዙ ከቆየን በኋላ፣ ከምስሩ ቀና ሳይሉ፣ «ይሄ የምትጠሩኝ ስም እኮ አማቴ ያወጡልኝ ነው» አሉ። በዚያ አገር አማት ለሙሽራዋ አዲስ ስም ማውጣቷ ልማድ ነው፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ስም ስጠራቸው አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ጣታቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። ልናገር አፌ ላይ የደረሰውን መልሼ ዋጥኩት። ከዚያ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ነገሩኝ፤ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያ ስም የጠራቸው ሰው የለም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። «ለቤት ሰው ብቻ» ብለውኛልና።

አያትህም «ይህን አጥፋው» የሚሉበት ሰዓት ይመጣል። ያኔ ስልኩን እያዩህ አጥፋው። የእሳቸው የሆነውን ለእሳቸው ተወው፤ ሲያምኑህ ራሳቸው ይመለሱበታል። ዝም ሲሉም ቶሎ ሌላ ጥያቄ አትወርውር።

ለአንድ ቀን አንድ ሰዓት ይበቃል፤ እንዳይደክማቸው። የቀዳኸውን ቀኑንና ቦታውን ጽፈህበት ለእህትህም አንድ ቅጂ ላክላት፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። ያልገባህን ቃል «ምን ማለት ነው?» ብለህ ለመጠየቅ አትፈር፤ አያትህ ማስተማር ደስ ይላቸዋል።

እሁድ ስትሄድ ታዲያ ያልተለቀመ ምስር ገዝተህ ሂድ። ሰፌዱ እሳቸው ዘንድ አለ።