ለነገው ሽማግሌ የሚገባው ድርሻ

ሽማግሌዎች ወጣቱን ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። በዚህች አጭር ምርቃት ውስጥ ሁለት ፍርሃቶች ተጠቅልለው ይገኛሉ፤ አንደኛው ጕልበት በከዳ ጊዜ የሚደግፍ እጅ የማጣት ፍርሃት ነው፤ ሁለተኛውም ነፍስ በወጣች ጊዜ አፈር የሚያለብስ ወገን የማጣት ፍርሃት ነው። አባቶቻችን ለሁለቱም አንድ መድኃኒት ያውቁ ነበር፤ እርሱም ልጅ ነው። ዛሬ ግን ነገሩን ቀረብ ብለን ብንመለከተው ይህ የልጅ ሸክም ተከፋፍሎ እናገኘዋለን። ቀባሪነቱን ዕድር ተረክቦታል፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም ከዕድር ይመጣል። ጧሪነቱንም በከፊል መንግሥት ተረክቦታል። «ጡረታ» የሚለው ቃል ራሱ «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነውና፣ አዋጅ ቁጥር 209/1955 የመንግሥት ሠራተኛን የጡረታ መብት በደነገገ ጊዜ መንግሥት በልጅ ቦታ ቆመ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በልጅና በመንግሥት መካከል ግን አንድ ሦስተኛ ጧሪ አለ፤ እርሱም ሰውዬው ራሱ በወጣትነቱ ነው። ሰው ራሱን አስቀድሞ ሊጦር ይገባዋልን? ይገባዋል ካልንስ፣ ከማን አፍ ነጥቆ? ጥያቄው የገንዘብ ብቻ መስሎ ቢታይም በመሠረቱ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው።

ይህን ሐሳብ የቀሰቀሰብን በአሰላ ከተማ በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ የሰማነው ክርክር ነው። ወራቱ ሰኔ ነበር፤ ጭላሎ ጉሙን ተከናንቦ አይታይም፤ ብርዱም ብርጭቆውን በሁለት እጅ ያስይዛል። ከአጠገባችን የተቀመጡት አንድ ጡረተኛ መምህርና ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሌላ መምህር ነበሩ። ወጣቱ፣ «ጋሼ፣ ከደመወዜ ለእናቴ ልኬ፣ ለቤት ኪራይ ከፍዬ፣ የቀረችኝን ለእርጅናዬ ባስቀምጣት ስስት አይሆንብኝም ወይ? ወንድሜ ዛሬ ጫማ የለውም። እኔ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ለሚመጣ ለማላውቀው ሰው ገንዘብ ልደብቅ?» አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ያ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው እኔ ነኝ፤ ይኸው መጥቼ ከፊትህ ተቀምጫለሁ» አሉት። ወጣቱ ሳቀ። እኛ ግን መልሱ ከሳቅ የሚበልጥ መስሎ ታየን።

እውነት ነው፤ የነገው ሽማግሌ ዛሬ ደጃችን ቆሞ አይለምንም። የወንድማችን ባዶ እግር ይታያል፤ የእናታችን ሳል ይሰማል፤ የእርሱ ጕስቍልና ግን አይታይም፤ ድምፁም አይሰማም። ዳኛ ፊት ቀርቦ «ድርሻዬን በላኝ» ሊለን አይችልም። ስለዚህ እርሱን ማታለል ከሁሉ ይቀላል። ነገር ግን ድምፅ የሌለውን ሰው መበደል ድምፅ ያለውን ከመበደል ያነሰ በደል ነው የሚል ሕግ በየትኛውም ሃይማኖት አላየንም።

የአርሲ ገበሬ ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ስንዴውና ገብሱ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ዘሩ ከጎተራ የሚወጣው ግን በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ያ ወራት ደግሞ የቤቱ እህል ተሟጦ ልጆች የሚያለቅሱበት ወራት ነው። እናቲቱ የዘሩ እህል የት እንዳለ ታውቃለች፤ ቢሆንም አትነካውም። ይህችን ሴት ስስታም የሚላት ማን ነው? ልጆቿን የከለከለችው ልጆቿን ስለምትወድ ነው። ልዩነቱ የገበሬው ዘር በስድስት ወር ሲመለስ፣ የደመወዝተኛው ዘር ሠላሳ አምስት ዓመት መሬት ውስጥ የሚቆይ መሆኑ ነው። ያን ያህል ጊዜ ቡቃያ ሳያዩ መታገሥ ከባድ ነው፤ ስለዚህም ብዙዎቻችን ዘሩን እንበላዋለን።

መቆየቱ ግን ዋጋ አለው። አንድ ሰው ከ25 ዓመት ዕድሜው ጀምሮ እስከ 60 ድረስ በወር 500 ብር፣ ማለት በዓመት 6,000 ብር፣ በ7 በመቶ ወለድ ቢያስቀምጥና ወለዱን ሳይነካ ቢተወው፣ ግብሩን ሳንቆጥር በመጨረሻ 829,000 ብር ገደማ ያገኛል። ጓደኛው ያንኑ ገንዘብ በ40 ዓመቱ ቢጀምር የሚያገኘው 246,000 ብር ያህል ብቻ ነው። የመጀመሪያው ከኪሱ ያወጣው 210,000፣ ሁለተኛው 120,000 ነው፤ ያወጡት እጥፍ እንኳ ሳይለያይ ያገኙት ከሦስት እጥፍ በላይ ተለያየ። ያሸነፈው ሰውዬው አይደለም፤ ዓመታቱ ናቸው። በርግጥ በአርሲ ወለድ መብላት በእምነቱ የተከለከለበት ብዙ ሕዝብ አለ፤ ለእርሱም ከወለድ ነፃ የሆነ አገልግሎት ተከፍቷል፤ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ ለዚሁ የቆመ ነው።

ሽማግሌው መምህር ግን ይህን ስሌት ቢሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። እርሳቸውም በወጣትነታቸው የባንክ ደብተር ነበራቸው። «ያን ጊዜ በሬ ይገዛ የነበረው ብሬ ዛሬ ከነወለዱ የበግ ዋጋ አይሞላም» ሲሉ ሰምተናቸዋል። አላጋነኑም። የብሔራዊ ባንክ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛ ወሰን በ2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ፤ በ2014 ዓ.ም. ግን ዋጋ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ናረ። በዚያ ዓመት 100 ብር ያስቀመጠ ሰው 107 ብር ይዞ ገበያ ሲወጣ፣ በ100 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ 130 ብር ሆኖ ጠበቀው፤ ስለዚህ የያዘው ብር የገዛለት አምና በ82 ብር የሚገዛውን ያህል ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። የቆጠበው ሰው ምን አጠፋ? ያጠፋው አንዳች ነገር የለም። ዘሩን አልበላም፤ ነገር ግን ነቀዝ በላበት።

ከዚህ የከፋም ደርሷል። በንጉሡ ዘመን ብዙ ሠራተኞችና ነጋዴዎች፣ ይልቁንም ልጅ ያልነበራቸው መበለቶች፣ ለእርጅናቸው ብለው አንድ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች በከተማ ይሠሩ ነበር። ከባለ ብዙ ቪላዎቹ መኳንንት ጋር እነዚህም በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤታቸው ተወረሰ። በአዲስ አበባ የነበረው የአክሲዮን መገበያያም ባንኮችና ፋብሪካዎች በዚያው ዓመት ሲወረሱ አብሮ ጠፋ። አርሲም የራሱ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ መግቢያ ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ በአጭሩ «ካዱ» የሚለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አቅርቦ ምርትን አሳደገ፤ መሬቱ ትርፍ ማስገኘቱን ያዩ ባለ ርስቶች ግን ትራክተር እያመጡ ጭሰኞችን አፈናቀሉ። በጎተራው ጥቂት ያተረፈ ጭሰኛ መሬቱ የእርሱ ስላልነበረ ትርፉ ሜዳ ላይ ቀረ። ያንን ሥርዓት የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አስወገደው። መሻሩ ተገቢ ነበር እንላለን፤ የመበለቲቱ ሁለት ክፍል ቤት መወረስ ግን ዛሬም ይቆጨናል።

እንግዲህ ይህን መጽሔት ለሚያነቡ ሹማምንት አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ሕዝብን «ቆጥብ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ቁጠባ ግን አደራ ነው፤ አደራ ተቀባዩም ገንዘቡን የሚያትመውና ሕጉን የሚያወጣው ክፍል ነው። የመምህሩን የሠላሳ ዓመት ልፋት በዋጋ ንረት ማቅለጥ፣ ቤት ገብቶ ከመስረቅ የሚለየው ሌባው ስለማይታወቅ ብቻ ነው። ደግሞም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምትባል ተረት አለችን። ይህች ተረት በአንዳንድ መሥሪያ ቤት ብቸኛዋ የጡረታ ዕቅድ ሆና መኖሯን የማያውቅ የለም። የነገውን ሽማግሌ ለመጦር ብሎ የዛሬውን ድኻ መዝረፍ ቁጠባ አይባልም።

ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። ለወንድም መስጠትና ለራስ ማስቀመጥ በእርግጥ ይጣላሉን? ለራሱ ምንም ያላስቀመጠ ሰው ሸክሙን የትም አልጣለውም፤ ለልጆቹ አሸጋግሮታል። ልጆቹ በሠላሳ ዓመታቸው፣ የራሳቸውን ልጅ ማስተማር ሲጀምሩ፣ አባት ለመጦር ይገደዳሉ፤ እነርሱም አይቆጥቡም፤ እንዲህ እያለ አንዱ ትውልድ የሚቀጥለውን ትውልድ ዘር ይበላል። በሌላ ወገን ደግሞ ደብተሩን አቅፎ ወንድሙ ከትምህርት ቤት ሲቀር ዝም የሚል ሰው፣ በስተርጅናው ገንዘብ እንጂ ጧሪ አያገኝም፤ ገንዘብ ደግሞ ውኃ አያቀብልም። በእኛ አስተያየት መመዘኛው የተከለከለው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። የወንድምን ደብተርና ጫማ ከልክሎ መቆጠብ በደል ነው። የራስን ቁርጥና ቢራ፣ ለሰው ዓይን የሚደረገውን የሠርግ ድግስ፣ በብድር የሚወጣውን ተዝካር ከልክሎ መቆጠብ ግን ማንንም አይበድልም። ከዚያ የሚቀነስ የሌለው ሰውም አለ፤ ደመወዙ እስከ ወሩ እኩሌታ የማይደርስለት። ለእርሱ ስለ ቁጠባ መስበክ ለተራበ ሰው ስለ ጾም እንደ መስበክ ነውና እኛ አናደርገውም።

የመንግሥት ጡረታ ብቻውን አይበቃምን? በ2003 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ እንዲያዋጡ ተደነገገ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛም ያን ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ወደ ሥርዓቱ ገባ። በእነዚያ አዋጆች ቀመር ዐሥር ዓመት ያገለገለ የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ያገኛል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ያገለገለ መምህር እንግዲህ 61.25 በመቶ ይደርሰዋል ማለት ነው። መልካም መሠረት ነው፤ ግን መሠረት እንጂ ቤት አይደለም፤ ዋጋ በሚሮጥበት ፍጥነትም አይሮጥም። ገበሬውና ባለ ሱቁ ደግሞ በአብዛኛው ከዚህም ውጭ ናቸው።

አዲስ መንገዶችም ተከፍተዋል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከመቶ ዐሥር እጅ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ ማለት 9,900 ብር። በዚያው ዓመት በጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራውን ጀመረ። ጀማሪው ከዚህ ሲቀርብ አክሲዮን የሚወድቅም ነገር መሆኑን ዐውቆ፣ የወሩን ቀለብ ሳይሆን ለብዙ ዓመት የማይፈልጋትን ይዞ ይቅረብ። «በሦስት ወር እጥፍ እናደርግልሃለን፤ ሁለት ሰው ብቻ አምጣ» የሚለውን ግን ከነጭራሹ አይስማ።

ሀብትን መከፋፈል የሚለውን የባንክ ሊቃውንት ትምህርት የአርብቶ አደሩ ኦሮሞ አባቶች ቀድመው ያውቁት ነበር። ከብቱን ሁሉ በአንድ በረት አያጉሩም፤ ከፊሉን ለዘመድ በአደራ ያስቀምጣሉ፤ ልማዱም ደባሬ ይባላል። ላሚቱና ጥጃዋ የባለቤቱ ናቸው፤ ወተቱ ግን የአሳዳሪው ነው። በሽታ ወይም ድርቅ አንዱን መንደር ቢመታ ሌላው ይተርፋል፤ አሳዳሪውም ዛሬውኑ ይጠጣል። የባለቤቱ ነገና የዘመዱ ዛሬ በአንዲት ላም ታርቀዋል። ስሙን ከኦሮሞ ሴቶች የክብር ዘንግ የወሰደው ሲንቄ ባንክ በአሰላ ገበያ መካከል ቢታይ፣ አሮጌውና አዲሱ ብዙም እንዳልተራራቁ ያሳያል።

ያን ወጣት መምህር ባለፈው ጥቅምት እንደ ገና አገኘነው። ከደመወዙ ጥቂት ብር ገና እጁ ሳይገባ እየተቆረጠ ለመምህራን የቁጠባና ብድር ማኅበር ይገባለታል። ሽማግሌው በነገሩት መሠረት ደግሞ በአንድ ዓመት ዕቁቡ አንዲት ጊደር ገዝቶ ሳጉሬ አጠገብ ከእናቱ ቤት አሳድሯታል፤ ወተቱ የእናቱና የወንድሙ ሊሆን፣ ጥጃው የእርሱ ሊሆን ተስማምተዋል። «ወንድምህስ ጫማ ገዛህለት?» አልነው። ገዝቶለታል። ጊደሯ ግን ገና አልወለደችም።